ለትንንሽ ስካውቶች የተፈጥሮ ጥናት፦ ከትምህርት ቤት ግቢ ሳይወጡ

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት ከ8 እስከ 11 ዓመት የሆናቸውን 24 ስካውቶች እመራለሁ። የምንገናኘው ቅዳሜ ጠዋት ለሁለት ሰዓት ያህል ነው። ስለ ተፈጥሮ እንዲያውቁ እፈልጋለሁ፤ ግን አውቶቡስ ተከራይተን ጫካ የምንሄድበት ገንዘብ የለንም። ግቢያችንም ጠባብ ነው። ጥቂት ዛፎች፣ ትንሽ ሣርና አንድ የአበባ መደብ ነው ያለን። እኔ የሒሳብ መምህርት ነኝ፤ የዛፍና የወፍ ስም ብዙም አላውቅም። ምን ላሠራቸው? ባጅስ በምን መስፈርት ልስጣቸው?

መልስ፦ እህቴ፣ ያለዎት ግቢ ይበቃል። ይህን የምለው ላጽናናዎት ብዬ አይደለም። ከልጆች ጋር በተፈጥሮ ክበብ ስሠራ ደጋግሜ ያየሁት ነገር ነው። በዓመት አንዴ ጫካ ደርሰው የሚመለሱ ልጆች አውቶቡሱን፣ ዘፈኑንና ምሳውን ያስታውሳሉ። አንድን ዛፍ በየሳምንቱ እየሄዱ የሚያዩ ልጆች ግን ዛፉን ያውቁታል። ስለዚህ ዋናው ምክሬ አንድ ነው፦ ቦታ አይቀያይሩ፤ እዚያው ቦታ ደጋግመው ይመለሱ።

የዛፍና የወፍ ስም አለማወቅዎም አያስጨንቅዎ። አንድ ልጅ "ይሄ ምንድን ነው?" ሲል ስሙን ከነገርነው ነገሩ እዚያው ያልቃል። ስሙን ይዞ ይሄዳል። "እስቲ እግሩን ቁጠርልኝ" ካልነው ግን ጎንበስ ይላል። ጎንበስ ያለ ልጅ ደግሞ ያልጠየቅነውን ሁሉ ያያል። እርስዎ የሒሳብ መምህርት ስለሆኑ መቁጠር፣ መለካትና ማወዳደር በእጅዎ ናቸው። ለዚህ ዕድሜ የተፈጥሮ ጥናት አብዛኛው ይኸው ነው። ስካውትነትም ሲጀመር ለዚህ ቦታ ሰጥቶ ነበር። የስካውት መሥራች ባደን ፓወል እ.ኤ.አ. በ1907 እንግሊዝ አገር ብራውንሲ ደሴት ላይ የመጀመሪያውን ካምፕ ሲያካሂድ አንዱን ቀን ለማስተዋል ብቻ መድቦት ነበር።

የሚያስፈልግዎ ዕቃ ጥቂት ነው። ሲባጎ፣ ማስመሪያ፣ የልብስ ሜትር፣ ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ደብተርና እርሳስ። ማጉያ መነጽር ካገኙ ለየቡድኑ አንድ ይበቃል። ካጣችሁም ሥራው አይቆምም።

በመጀመሪያው ቅዳሜ መሬቱን ያሳዩዋቸው። ልጆቹን አራት አራት አድርገው በስድስት ቡድን ይክፈሏቸው። ለየቡድኑ አራት ሜትር ሲባጎና አራት ችካል ይስጡ። ሲባጎውን ጫፍና ጫፉን ቋጥረው በአራቱ ችካል እኩል ሲወጥሩት አንድ ካሬ ሜትር ይሆናል። ችካሉን የት እንደሚተክሉ ራሳቸው ይምረጡ። አንዱ ቡድን ከአጥር ሥር፣ ሌላው ከሣሩ መሃል፣ ሌላው ከቧንቧው አጠገብ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ኋላ ላይ ይወዳደራሉ። ከዚያ ለአሥር ደቂቃ ማንም አያወራም። ይቀመጣሉ፣ ያያሉ።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ደቂቃዎች ከባድ ናቸው። "ቲቸር፣ ምንም የለም" የሚል ልጅ አይጠፋም። ምንም አይመልሱለት፤ "ቆይ" ይበሉት። አምስተኛው ደቂቃ ላይ አንዱ ጉንዳን ያያል። ከዚያ ጉንዳኑ ወዴት እንደሚሄድ ያያል። ከዚያ ሣር የመሰለው ነገር አንድ ዓይነት አለመሆኑ ይገባዋል። ሰርዶው መሬት ለመሬት እየሄደ በየአንጓው ሥር ይሰዳል። ማገጡ ሦስት ሦስት ቅጠል አለው። አጠገቡ ደግሞ ሌላ ሰፊ ቅጠል አለ። ስሙን ካላወቁ ራሳቸው ስም ያውጡለት፤ "ጸጉራሙ"፣ "ጥርሳሙ" ይበሉት። ቅጠሉን አይተው ያወጡት ስም ስለሆነ አይረሱትም። ትክክለኛው ስም በኋላ ይመጣል።

አሥሩ ደቂቃ ሲያልቅ የሚጠይቋቸው ጥያቄ አጭር ይሁን። ስንት ዓይነት ቅጠል አያችሁ? የተበላ ቅጠል አለ? ማን የበላው ይመስላችኋል? ከካሬው ውስጥ እርጥብ የቱ ጋ ነው? ያገኛችሁት ፍጥረት ስንት እግር አለው? ስድስት ከሆነ ነፍሳት ነው፣ ስምንት ከሆነ ከሸረሪት ወገን ነው። ይህቺን አንዲት ሕግ የያዘ ልጅ ሠፈሩን ሁሉ እየዞረ እግር ሲቆጥር ይውላል።

ዝናብ ከጣለ በኋላ ከሆነ የምድር ትል ይፈልጉ። ትሉን ቀስ ብለው ደረቅ ወረቀት ላይ ያስቀምጡት። ሁሉም ጸጥ ይበልና ጆሮውን ያስጠጋ። ኮሽ ኮሽ የሚል በጣም ቀጭን ድምፅ ይሰማል። ትሉ ሆዱ ላይ ለዓይን የማይታዩ ጠንካራ ጸጉሮች አሉት። በእነሱ አፈሩን እየቧጠጠ ነው የሚሄደው፤ ወረቀቱ ላይ የሚሰማውም እሱ ነው። "ትል ለስላሳ ነው" ብሎ የመጣ ልጅ በጣቱ ሳይሆን በጆሮው ይገረማል። ግን አያቆዩት። የምድር ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው፤ ቆዳው ከደረቀ ይሞታል። ግማሽ ደቂቃ፣ ከዚያ ወደ እርጥብ አፈሩ።

ጉንዳንም ሙሉ ቅዳሜ ይወስዳል፤ ደግሞም ይገባዋል። ጉንዳኖች ከሚመላለሱበት መንገድ አንድ ስንዝር ርቆ ጥቂት ስኳር፣ ቁንጥር ሽሮ፣ የእንጀራ ፍርፋሪና አንድ ጠብታ ዘይት ለየብቻ ያስቀምጡ። ልጆቹ አስቀድመው ይገምቱ፤ የቱን ነው መጀመሪያ የሚያገኙት? ግምቱን ደብተራቸው ላይ ሳይጽፉ አይጀምሩ። በየአምስት ደቂቃው በየምግቡ ላይ ያሉትን ጉንዳኖች ቆጥረው በሠንጠረዥ ያስገቡ። መጨረሻ ላይ መስመራቸውን አንድ ቦታ ላይ በጣት ጠረግ ያድርጉት። ጉንዳኖቹ እዚያ ሲደርሱ ቆም ይላሉ፣ ግራ ይጋባሉ፣ ይዞራሉ። መንገዱን የሚያውቁት ቀዳሚዎቹ መሬት ላይ ትተውት በሄዱት ሽታ ነው። ጣታችሁ ያጠፋው ያንን ሽታ ነው። ትንሽ ቆይተው መንገዱን መልሰው ሲሠሩት ማየት ደግሞ ሌላ ደስታ ነው።

አሁን ወደ ዛፉ። ከግቢው ዛፎች ውስጥ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ዛፍ ይውሰድና ከመስከረም እስከ ሰኔ የእሱ ይሁን። ዛፎቹ ጥቂት ከሆኑ ሁለት ቡድን አንድ ዛፍ ቢጋራ ችግር የለውም። መጀመሪያ በእጅ ይተዋወቁ። የአንዱን ልጅ ዓይን በስካርፉ ይሸፍኑት፤ ጓደኛው አዟዙሮ ወደ አንድ ዛፍ ይውሰደው። ልጁ ቅርፊቱን ይዳስስ፣ ይቀፈው፣ ያሽትተው፣ ሥሩን በእጁ ይፈልግ። ከዚያ መልሶ አዟዙሮ ያምጣውና ስካርፉን ይፍታለት። "ዛፍህ የቱ ነው?" ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ያገኙታል። ሲያገኙት ፊታቸውን ማየት ነው።

በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ዛፉ ይለካል። ዙሪያውን ሁልጊዜ ከመሬት እኩል ከፍታ ላይ፣ ለምሳሌ አንድ ሜትር ላይ ይለኩ። አለበለዚያ ዛፉ አደገ ወይስ ሜትሩ ወረደ የሚለው አይታወቅም። ቁመቱን ደግሞ በዱላ ይለኩታል፤ ይህን እርስዎ ይወዱታል። ልጁ እጁን ወደ ፊት ዘርግቶ ዱላውን ቀጥ አድርጎ ይያዝ። ከጡጫው በላይ ያለው የዱላ ርዝመት ከዓይኑ እስከ ጡጫው ካለው ርቀት ጋር እኩል ይሁን። ዱላውን ወደ ፊቱ ቢያጋድመው ጫፉ ጉንጩን ከነካው ትክክል ነው ማለት ነው። አሁን መልሶ ያቁመውና ወደ ኋላ ይሂድ። የዱላው ጫፍ ከዛፉ ጫፍ፣ ጡጫው ከዛፉ ግርጌ ጋር ሲገጥም ይቁም። ከቆመበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው። ለምን እንደሚሠራ ለ11 ዓመቶቹ ሁለት ተመሳሳይ ሦስት ማዕዘኖች ስለው ማሳየት ይችላሉ። ትንንሾቹ ግን መሥራቱ ይበቃቸዋል።

የአዲስ አበባ ግቢ ውስጥ ባህር ዛፍ አይጠፋም። እንግዳ ዛፍ ነው ብለው አይለፉት። ከአውስትራሊያ መጥቶ በምኒልክ ዘመን ከተማዋን የማገዶና የግንባታ እንጨት ያጠገበ ዛፍ ነው፤ ታሪኩ ራሱ ትምህርት ነው። ነጭ ባህር ዛፍ ከሆነ ደግሞ አንድ የሚያስደንቅ ነገር ያሳዩዋቸው። ከተቆረጠው ጉቶ ሥር የበቀለውን ለጋ ቅጠል ከላይ ካለው ከአሮጌው ቅጠል ጋር ያወዳድሩ። ለጋው ክብ መሰል ነው፣ ሰማያዊ ቢጤ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስላል፣ ሁለት ሁለት ሆኖ ፊት ለፊት ይበቅላል፤ ቀንበጡም በጣት ሲዳሰስ አራት ማዕዘን ነው። አሮጌው ቅጠል ረጅም፣ ማጭድ የመሰለና አረንጓዴ ነው። አንድ ዛፍ ሁለት ዓይነት ቅጠል! የእንቡጡን ክዳንም መሬት ላይ ይፈልጉ። አበባው ሲፈካ የሚጥለው ትንሽ ቆብ ነው፤ ልጆች ኪሳቸውን ይሞሉበታል።

ጥድ ካላችሁም የአበሻ ጥድ ነው ወይስ የፈረንጅ ጥድ የሚለውን ልጆቹ ይፍረዱ። ፍሬውን ይዩ። የአበሻው ትንሽ፣ ክብ፣ ሲበስል ወደ ጥቁር ሰማያዊ የሚሄድ ለስላሳ ፍሬ አለው። የፈረንጁ ፍሬ እንደ እንጨት የደረቀና ሲደርስ የሚሰነጣጠቅ ነው። ይህን የለየ ልጅ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የግቢውን ዛፍ ቀና ብሎ ያያል። አዲስ አበባ ውስጥ ያረጁ የአገር ዛፎች፣ ጥዱም ወይራውም፣ በብዛት የተረፉት በአብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ነው። አጠገባችሁ አንድ ካለ አስተዳዳሪውን አስፈቅደው፣ ቅዳሴ በሌለበት ሰዓት ልጆቹን ይውሰዷቸው። በእግር የሚደረስ ጉዞ ነው፤ ገንዘብ አይጠይቅም።

ወቅቶቹን እንደመጡ ይጠቀሙባቸው። መስከረም ላይ አደይ አበባ አለ። ሁሉም ልጅ ያውቀዋል፤ ከፍቶ ያየው ግን ጥቂት ነው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ አበባ ይስጡና ነጭ ወረቀት ላይ ክፍል በክፍል ይበትኑት። ዳር ዳሩን ያሉትን ቢጫ ቅጠሎች ይቁጠሩ፤ ከጎረቤታቸው ጋር እኩል መሆኑን ያወዳድሩ። ከዚያ መሃሉን በማጉያ መነጽር ይዩ። አንድ አበባ የመሰላቸው ነገር በእርግጥ የብዙ ጥቃቅን አበቦች ስብስብ ነው። መሃል ላይ ያለችው እያንዳንዷ ቢጫ ነጥብ ራሷን የቻለች አበባ ናት፤ የራሷ ዘር ይኖራታል። ይህን ያወቀ ልጅ ለእንቁጣጣሽ ያሰረውን እቅፍ እንደገና ነው የሚቆጥረው።

ጥቅምትና ኅዳር የዘር ጊዜ ነው። ሣሩ ደርቋል፣ ዘሩ ሁሉ የሚሸከመው ይፈልጋል። ልጆቹ አሮጌ ካልሲ ይዘው ይምጡ። ካልሲውን ጫማቸው ላይ ደርበው ያጥልቁና ግቢው ጥግ ባለው ረጅም ሣር ውስጥ ለአምስት ደቂቃ ይራመዱ። ካልሲው በዘር ይሞላል። አንድ በአንድ ነቅለው በየዓይነቱ ይደርድሩት። ያቺን ጥቁር፣ ቀጭን፣ መርፌ የመሰለች ዘር በማጉያ ቢያዩ ጫፏ ላይ ወደ ኋላ የታጠፉ እሾሆች አሏት። ልብስ ላይ ተጣብቃ አልወጣ የምትለው ለዚህ ነው። አንዱን ካልሲ ሳይነቅሉ ይተዉት፤ ውሃ አርሰው አፈር ባለበት ላስቲክ ሣህን ላይ ያንጥፉትና ያጠጡት። ከካልሲ ሣር ሲበቅል ማየት ለአንድ ሳምንት ወሬ ይበቃል።

ከዚሁ ወቅት ጀምሮ ወፍ ይመልከቱ። ጠዋት በጊዜ ቢሆን ይሻላል። እዚህም ስም አይቅደም። ለልጆቹ ሦስት መለኪያ ይስጧቸው፦ ድንቢጥ፣ ርግብ፣ ቁራ። ያዩት ወፍ ከድንቢጥ ይበልጣል? ከርግብ ያንሳል? ምንቃሩ ወፍራም ነው ቀጭን? መሬት ላይ ይዘላል ወይስ ይራመዳል? ይህን መመለስ የቻለ ልጅ ወፉን ለሌላ ሰው መግለጽ ይችላል፤ ከዚያ በኋላ ስሙን መፈለግ ቀላል ነው።

ከተማችን በዚህ ረገድ ሀብታም ናት። ማጅራቱ ላይ ነጭ ምልክት ያለው፣ ምንቃሩ ወፍራም የሆነው ትልቁ ቁራ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የሚገኝ ወፍ አይደለም። ጠዋት ጠዋት በመንጋ እየጮኸ በላያችን የሚያልፈውና ሣር ላይ ሲያርፍ በረጅም ቆልማማ ምንቃሩ መሬት የሚወጋው፣ ጉሮሮው ሥር ትንሽ ሥጋ የተንጠለጠለችበት ወፍ ደግሞ ኢትዮጵያና ኤርትራ ውስጥ ብቻ ነው ያለው። የሌላ አገር ሰው እነዚህን ለማየት አውሮፕላን ተሳፍሮ ይመጣል። ልጆቻችን በየቀኑ ከራሳቸው በላይ ሲያልፉ ቀና ብለው አያዩአቸውም። ይህ በጣም ይቆጨኛል። ሰማይ ላይ የሚዞሩትንም ይለዩ፤ ጭራው ሹካ መስሎ ግራና ቀኝ የሚጠማዘዝ ከሆነ ጭልፊት ነው። ክንፈ ሰፊ፣ ጭራ አጭር ከሆነ ጥንብ አንሳ ነው። ቄራ አካባቢ የሚታየው ትንሹ ጥንብ አንሳ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት በጣም ከተቃረቡት ወፎች አንዱ መሆኑንም ይንገሯቸው። ከጥቅምት በኋላ ሣር ላይ ሆዱ ቢጫ የሆነ፣ ጭራውን ሽቅብ ቁልቁል የሚያወዛውዝ ቀጭን ወፍ ካዩ ከአውሮፓና ከእስያ ክረምት ሸሽቶ የመጣ እንግዳ ነው። መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳል። የመጨረሻውን ያየ ልጅ ቀኑን ይጻፍ።

ጥላ ይለኩ። ይህን ከሁሉ በላይ ለእርስዎ ነው የምሰጠው። አንድ ሜትር ቀጥ ያለ ዘንግ ሜዳ ላይ ያቁሙ። እኩለ ቀን አካባቢ በየአምስት ደቂቃው የጥላውን ጫፍ በጠጠር ምልክት ያድርጉ። አጭሩ ጥላ የወደቀበት ሰዓት የፀሐይ እኩለ ቀን ነው። አዲስ አበባ ላይ ይህ የሚሆነው ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ሳይሆን እንደ ወሩ ከስድስት ከአሥር እስከ ስድስት ከአርባ ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ልጆቹ "ሰዓቱ ተሳስቷል" ይላሉ፤ ይከራከሩ። የጠዋቱ ስብሰባችሁ ቀድሞ የሚያልቅ ከሆነ በአዘቦት ቀን በምሳ እረፍት መሥራት ይቻላል። ታኅሣሥ 12 ገደማ የአንድ ሜትሩ ዘንግ ጥላ ወደ ሰሜን 63 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። ከዚያ በየወሩ ያጥራል። ሚያዝያ 5 ገደማ ጥላው ይጠፋል፤ ፀሐይ አናታችን ላይ ናት። ከዚያ በኋላ ጥላው ዞሮ ወደ ደቡብ ይወድቃል፤ ሰኔ 14 አካባቢ ወደ ደቡብ 26 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። የእኩለ ቀን ጥላ ሁልጊዜ በአንድ አቅጣጫ ይወድቃል ብሎ የሚያስብ ልጅ ይህን በገዛ ጠጠሩ ሲያየው ምድር ላይ የት እንዳለን ይገባዋል። የወሩን ጠጠር የሚያነሳ እንዳይኖር ቦታውን በቀለም ወይም በምስማር ምልክት ያድርጉበት።

ዝናብ ሲመጣ ጎኑ ቀጥ ያለ ባለ ሁለት ሊትር የውሃ ላስቲክ፣ ልጆቹ ሃይላንድ የሚሉትን፣ አንገቱ ጋ ቆርጠው ገልብጠው እንደ ማንቆርቆሪያ ይክደኑበት። ቆረጣውን እርስዎ ይሥሩት። ታቹ ጎርባጣ ስለሆነ ጠጠርና ትንሽ ውሃ ጨምረው ዜሮውን ከዚያ ላይ ያስምሩ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ያንን የሲባጎ ካሬ ያስታውሷቸው። ከዚያ የክፍሉን ጣሪያ ስፋት ለክተው ሌሊት ስንት ጀሪካን ውሃ እንደወረደበት ያስሉ።

ስሙስ መቼ ይምጣ? ልጆቹ ካዩና ከሳሉ በኋላ። የሳሉትን ይዘው ቤት ሄደው አያት፣ አጎት፣ ጎረቤት ይጠይቁ። ሰኞ አንዱ "ዋንዛ" ብሎ፣ ሌላው "ወዴሳ" ብሎ ይመጣል፤ ሁለቱም ያንኑ ዛፍ ነው የሚሉት፣ አንዱ በአማርኛ ሌላው በኦሮምኛ። ሁለቱም ይጻፍ። ለምን እንደሚጠቅምም ይጠይቁ። ስልክ ግን ለመጀመሪያዎቹ 20 ደቂቃዎች ኪስ ውስጥ ይቆይ። ፎቶ ያነሳ ልጅ አየሁ ብሎ ያልፋል፤ የሳለ ልጅ የቅጠሉን ጥርስ ይቆጥራል።

ስለ እንዶድም አንድ ታሪክ ይንገሯቸው። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ አካባቢ ቢልሃርዝያ የሚያስተላልፉትን የውሃ ቀንድ አውጣዎች ሲያጠና ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ብዙ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ተመለከተ። ያንን ወንዝ ብዙ ሰው አይቶታል። እሱ ግን "ለምን እዚህ ብቻ?" አለ። ከዚያች ጥያቄ የተነሳው ምርምር እንዶድ ቀንድ አውጣውን እንደሚገድል አረጋገጠ፤ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት አስገኘ። የእርስዎ ልጆች ሲባጎ ውስጥ ሆነው የሚለማመዱት ያንኑ ጥያቄ ነው።

ስለ ደኅንነት አጠር አድርጌ ልናገር፤ ግን አይዝለሉት። ከመጀመሪያው ቀን በፊት ግቢውን ብቻዎን ይዙሩት። ሳማ ካለ ለልጆቹ አስቀድመው ያሳዩ። ቅንጭብ ወይም ቁልቋል አጥር ካለ ማንም አይቁረጠው፤ ነጭ ወተቱ ዓይን ውስጥ ከገባ ክፉኛ ይጎዳል። የጉሎ ፍሬና አስተናግር መርዛማ ናቸው። ሕጉ ቀላል ይሁን፦ በዚህ ሥራ ላይ ምንም ነገር ወደ አፍ አይገባም፣ ሲጨረስ ሁሉም እጁን በሳሙና ይታጠባል። ድንጋይ ሲገለበጥ ወደ ራስ በኩል ይነሳ፤ ከሥሩ ያለው ፍጥረት ወደ ፊት እንዲወጣ። ከዚያ ድንጋዩ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ የሰው ቤት ጣሪያ ነው። ጉድጓድ ውስጥ እጅ አይገባም። ጸጉራም አባጨጓሬ አይነካም። ገብረ ጉንዳን ካዩ ራቅ ብለው ይዩት። እስስትን ግን አይፍሯት፣ አይግደሏትም፤ መርዝ የላትም። የሠፈር ውሻና ድመት አይነካም፤ የእብድ ውሻ በሽታ ቀልድ አይደለም። ነጎድጓድ ሲጀምር ከዛፍ ሥር ወጥተው ክፍል ይግቡ። ወደ ከተማው ወንዞች አይውሰዷቸው፤ ውሃው ቆሻሻ ነው። ወላጆችን ደግሞ ቅዳሜ አሮጌ ልብስ እንዲያለብሱ ይንገሯቸው። ልብሷ እንዳይቆሽሽ የታዘዘች ልጅ ቆማ ነው የምትውለው።

ነፍሳት የሚፈራ ልጅ ካለ አያስገድዱት። መዝጋቢ ያድርጉት። ደብተሩን ይዞ ከሩቅ ይጽፍ፤ ቁጥሩን ለማረጋገጥ ሲል በራሱ ጊዜ ይጠጋል።

ወደፊት ትንሽ ገንዘብ ከተገኘ ጉለሌ የዕፅዋት ማዕከልን ወይም እንጦጦን ይምረጡ። ከዚያ በላይ ከተቻለ መናገሻ ሱባ ደን አለ፤ ጉሬዛ ከዛፍ ዛፍ ሲዘል ማየት ይቻላል። ግን ይህን በዓመቱ መጨረሻ ያድርጉት። አንድ ዛፍ ማየት የለመደ ልጅ ነው ጫካ ውስጥ የሚያየው ነገር የሚኖረው።

ስለ ባጁ፦ የስም ፈተና አይስጡ። አሥር ዛፍ በቃሉ የሸመደደ ልጅ ባጁን ወስዶ፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ዛፍ የተከታተለች ልጅ ብትቀር ትክክል አይሆንም። እኔ ብሆን ሦስት ነገር ነው የምጠይቀው። ደብተሩ ውስጥ ቀን የተጻፈባቸው፣ ከተለያዩ ወራት የተሳሉ የዚያው ዛፍ ወይም የዚያው ካሬ ሥዕሎች ይኑሩ። የሥዕሉ ማማር አይታይም። ሁለተኛ፣ ልጁ ራሱ የጠየቀው፣ ከእርስዎ ያልመጣ አንድ ጥያቄና መልሱን ለማግኘት ያደረገው ሙከራ ይኑር። መልሱ ባይገኝም ይቆጠርለት። ሦስተኛ፣ ልጁ የአንድ ትልቅ ሰው እጅ ይዞ ወደ ዛፉ ይውሰደውና ለአምስት ደቂቃ ያስረዳው። ሰኔ ላይ ትምህርት ሳይዘጋ ወላጆችን ይጥሩና ይህችን ሦስተኛዋን ለእነሱ ያድርጓት፤ ባጁም እዚያው ዛፉ ሥር ይሰጥ። የዝናብ መለኪያዎቹን ግን ሰብስበው መጋዘን አያስገቡ። ዋናው ዝናብ የሚጥለው ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነው፤ ክረምቱን ቤቱ ወስዶ የሚለካ ልጅ አይጠፋም። ለእሱም አንድ ባዶ ሠንጠረዥ ያስይዙት።